ጠበልና ክኒን አይጣሉም

የሃይማኖት አባቶችና እድሮች ለሕዝብ ጤና ከመንግሥት ጋር ይሥሩ የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እስማማለሁ። ግን እኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ የአዲስ አበባውን የጠበል ቦታ፣ እንጦጦ ማርያምን ማስታወስ ይበቃል።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ጠበል እጠመቃለሁ ብሎ ክኒኑን የሚተው ሰው ብዙ ነበር። ሐኪሙ «አታቋርጡ» ቢል ማን ይሰማዋል? «እምነት የለውም» ተብሎ ይታለፋል። በ1999 ዓ.ም. ግን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱን አብሮ መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በአደባባይ ተናገሩ። ይህን ከሳቸው በቀር ማንም ቢለው ያን ያህል ክብደት አይኖረውም ነበር። ክኒኑን በጠበል የሚውጥም ነበር፤ ምን ችግር አለው?

ቅሬታዬ ሌላ ነው። አባቶች የሚጠሩት ዘመቻ ሲኖር ብቻ ነው። ስብሰባ፣ ፎቶ፣ አበል፣ ቻው! ይልቅ ጠበል ቦታ ተጨናንቀው ለሚያድሩ ሰዎች የቲቢ ምርመራ በቋሚነት ይኑር። አጥማቂውም ሳል የበረታበትን ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው። እድሮችስ ቢሆኑ፣ ለቀብር ብር ማሰባሰብ ከቻሉ የችግረኛ አባሎቻቸውን የጤና መድን መዋጮ መሸፈን ምን ያቅታቸዋል?