ማዕዘኗን መልሱልኝ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የድሮ የጀብዱ ፊልም ፖስተር በስልኬ ላከልኝ። ከሥሩ «ድሮ ቀረ!» ይላል፤ ቀጥሎ የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል። የዳይሬክተሩን ስም ጽፏል፣ የተዋናዮቹን ጽፏል፣ ሙዚቃውን የደረሰውን ሰውዬ እንኳ አልዘነጋም። ሥዕሉ ስክሪኑን ሞልቶ እንዲታይለት ግን የታችኛውን ማዕዘን ከርክሞታል። እዚያች ማዕዘን ላይ የነበረችው ደግሞ የሠዓሊው ፊርማ ናት። ይኼም ይሁን። በተሳለው ሰማይ ላይ፣ ደመናው አጠገብ፣ የራሱን ስም በነጭ ፊደል አትሞበታል። ሰው እንዳይሰርቀው ነው አሉ!

«ማን ነው የሳለው?» ብዬ ጻፍኩለት።

«ፊልሙን የሠሩት ናቸዋ» አለኝ።

ናቸዋ! ለካ ካሜራው ቀረጻውን ሲጨርስ ብሩሽ ያነሳል።

የፖስተር ሠዓሊ እኮ ብዙ ጊዜ ፊልሙን ሳያይ ነበር የሚስለው። ጥቂት ፎቶግራፍ ከሰጡት ዕድለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ድሩ ስትሩዛን «ዘ ቲንግ» ለተባለው አስፈሪ ፊልም ፖስተር እንዲሠራ ሲታዘዝ የተሰጠው አንዲት ሌሊት ነበረች። ጭራቁ ምን እንደሚመስል ያሳየው የለም። ምን ያድርግ? ወፍራም የክረምት ካፖርት የለበሰ ሰው ሳለና ፊቱ መሆን በነበረበት ቦታ የሚፈነዳ ብርሃን አደረገ። ጠዋት መጥተው ሲወስዱት ቀለሙ ገና አልደረቀም። እኔ ከፊልሙ ጭራቅ ይልቅ ያንን ፊት አልባ ሰውዬ ነው የምፈራው።

አሁን የምወደውን ተረት ልጥቀስ። ሰበብ ባገኘሁ ቁጥር እጠቅሰዋለሁ፤ ዛሬም አልምርም፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»። ይህን ተረት በሥዕል የተረተው ሬይኖልድ ብራውን ነው። በ1958 ስለ አንዲት ግዙፍ ሴት ለተሠራ ርካሽ ፊልም የሳለውን ፖስተር አይታችሁ ይሆናል፤ ሃምሳ ጫማ የምትረዝም ሴት ከፍ ባለው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ እግሯን አንፈራጣ ቆማ መኪና እንደ ጉድ ታነሳለች፤ ሰው ይተራመሳል። ትኬት ቆርጦ የገባው ተመልካች ያንን ትዕይንት ሲጠብቅ ፊልሙ አለቀ። የለማ! ገንዘብ የት አለና? ያገኘው የውሸት መሆኑ ከሩቅ የሚያስታውቅ ትልቅ እጅ ነው። ላሟ ሰማይ ላይ ቀረች። ግን ፍረዱ፤ ዛሬ ከዚያ ፊልም የሚታወሰው ምኑ ነው? ፖስተሩ! ሌላው ፖስተር ሠሪ ቢል ጎልድም በ1942 የ«ካዛብላንካ» ፊልም ፖስተር ትንሽ ቀዘቀዘ ቢሉት ተዋናዩን ሃምፍሪ ቦጋርትን ሽጉጥ አስያዘውና ተገላገለ።

ስለ ስም ካነሳን ደግሞ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። የተዋናዮች ስም በፖስተር ላይ የሚቀመጠው በውል ነው፤ ቅደም ተከተሉም፣ የፊደሉም መጠን። በ1974 ስለሚነድ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ በተሠራው «ዘ ታወሪንግ ኢንፈርኖ» ፊልም ላይ ሁለቱ ዝነኛ ተዋናዮች ስቲቭ ማክዊንና ፖል ኒውማን አብረው ተሠለፉ። ማን ይቅደም? መፍትሔው የማክዊንን ስም በግራ ዝቅ፣ የኒውማንን በቀኝ ከፍ ማድረግ ሆነ። ከግራ የሚያነብ ማክዊንን ያስቀድማል፣ ከላይ የሚያነብ ኒውማንን። ሕንፃ እየነደደ ሁለት ሰዎች በጣት ስፋት ይካሰሳሉ! ሕንፃውን ላነደደው ሠዓሊ፣ ለጆን በርኪ፣ ማንም እንዲህ አልተሟገተም። የዛሬዎቹ ፖስተሮች ደግሞ የውሉን ቅደም ተከተል ይዘው ፎቶግራፉን እንዳሻቸው ስለሚደረድሩ ጺማሙ ሰውዬ በሴት ስም ሥር፣ ሴቲቱም በጺማሙ ስም ሥር ቆመው ይገኛሉ። ማን ግድ አለው? አንገት የሌላቸው ራሶች በጭጋግ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ ያ ነው ፖስተር የሚባለው። «ኮምፒዩተር በአንድ ደቂቃ ይሠራዋል» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ። አዎ፣ እያየነው ነው፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ እንደሆነ ያስታውቃል።

ከዚህ ሁሉ የከፋውን የሠራኝ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ስሙን አልጠራም። አሮጌ የአሜሪካ ፖስተር ሊያይ ተውሶ ወሰደ። ሲመልሰው ወረቀቱ ልስልስ ብሏል። ምን አደረግኸው? «የተጨማደደ ስለነበር በካውያ ተኮስኩልህ» አለኝ፤ ምስጋና እየጠበቀ። አንተ ሰው! ያ እኮ መጨማደድ አይደለም። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ፖስተሮች ከማተሚያ ቤት ወጥተው ወደ ሲኒማ ቤቶች ይላኩ የነበረው ታጥፈው ነው። ሃያ ሰባት በአርባ አንድ ኢንች የሆነው ወረቀት በፖስታ የሚገባው በዚያ መልክ ነው። እጥፋቱ የዕድሜው ምስክር ነበር። ከ1940 ጀምሮ ፖስተሮቹን ያሠራጭ የነበረው ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የተባለው ድርጅት ግርጌው ላይ «ከታየ በኋላ ወዲያውኑ ይመለስ» የሚል ትእዛዝ ያሳትም ነበር። ዛሬ ሰብሳቢ እጅ የገባው ፖስተር ብዙው እንግዲህ ትእዛዝ ያልሰማ ሰው ያስቀረው ነው። እግዜር ይስጣቸው። እነሱ ቢያንስ አልተኮሱትም።

ከየት ነበር የተነሳሁት? አዎ፣ ማዕዘኗ። ሃይንዝ ሹልዝ ኖይዳም ለድሮው የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ለ«ሜትሮፖሊስ» የሠራው ፖስተር በ2005 በ690,000 ዶላር ተሸጧል፤ ገዢም ሻጭም የሠዓሊውን ስም ጠንቅቀው ያውቁታል። ወዳጄም ስክሪኑን ትንሽ ቢያጠበው ምንም አይጎድልበትም ነበር፤ ይህንኑ ጽፌለት እስካሁን ዝም ብሏል። ያው ሌላ ማዕዘን እየቆረጠ ይሆናል።

ሮጀር ካስቴል ግን ያሳዝነኛል። ከዋናተኛዋ ሥር አፉን ከፍቶ ወደ ላይ የሚመጣውን ሻርክ፣ የ1975ቱን የ«ጆውስ» ፊልም ፖስተር የሳለው እሱ ነው፤ ሻርክ ምን እንደሚመስል ለማየት ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄዶ ነበር። ዋናው የዘይት ቀለም ሥዕል ጠፋ፤ የት እንደገባ አልታወቀም። አንዱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሆነ፣ ያ ሰውዬ ካውያውን ይዞ እንዳይደርስበት ብቻ።