ሐበሻ ስለሆንን ብቻ ታካሚያችንን አናውቀውም

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ላይ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለችው ትንሽ የአእምሮ ጤና ማከሚያ ክፍሌ አንዲት እናት መጡ። ዕድሜያቸው ስልሳዎቹን አጋምሷል። ያመጣቻቸው ልጃቸው ናት። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬ ነው የምጽፈው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና «ጨጓራዬ ነው ልጄ» አሉኝ።

ልጃቸው ጣልቃ ገባች። «ጨጓራዋን ታይታለች፤ ምንም የለም ተብላለች። አትተኛም። አትበላም። ዝም ብላ መስኮቱን ታያለች።»

እኔ የተማርኩትን አደረግኩ። ፎርም አወጣሁ።

ፎርሙ ፒኤችኪው-9 ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጀ የድብርት መለያ ነው፤ እኛም አገር በብዙ ቦታ እንጠቀምበታለን። 9 ጥያቄዎች አሉት። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ጣሪያው 27 ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ እንዴት ነበር? የምግብ ፍላጎትስ? ድካምስ? የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞት ነው።

እንቅልፍ? ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይነቃሉ። ምግብ? ቀኑን ሙሉ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ድካም? አዎ። ሞት? «ምነው እሱ በወሰደኝ እላለሁ» አሉ። ደመርኩ። 17 ወጣ። በፎርሙ መሠረት ይህ ወደ ከባዱ የተጠጋ ድብርት ነው።

ማታ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነገሩ ቆጠቆጠኝ። ጾም ነው እኮ! ሌሊት የሚነሱት ለጸሎት ነው፤ ይህን ሲያደርጉ ዕድሜያቸውን ኖረዋል። «እሱ በወሰደኝ» የሚለውን ደግሞ አያቴ በየቀኑ ትለው ነበር፤ ያውም እየሳቀች። እኔ ራሴ ጾመኛ ነኝ። ያደግሁት ሱባዔና ማኅሌት በሚታወቅበት ቤት ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ፎርሙን እጄ ላይ ስይዝ ግን የማውቀው ሁሉ በር ላይ ቀረ።

እኚያ እናት አልታመሙም እያልኩ አይደለም። ታመዋል። ነገር ግን ነጥቡን የሰጠኋቸው ላልታመሙበት ነገር ነው፤ ያመማቸውን ደግሞ ጭራሽ አልጠየቅኩም።

ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግር አንዱ የሰጠኝን መልስ ከብዙዎች ሰምቼዋለሁ። «የባህል ብቃት የሚባለው፣ የታካሚን ባህል ተረድቶ የማከም ትምህርት ለፈረንጆቹ ነው። እነሱ ከመላው ዓለም የመጣ ስደተኛ ያክማሉ። እኛ ሐበሻ ሐበሻን ነው የምናክመው፤ ባህሉን እናውቀዋለን።» ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ አባባል ነው። በጣም ያሳስበኛል። ባዕድ አገር የሚሠራ ባለሙያ ቢያንስ እንደማያውቅ ያውቃል፤ ስለዚህ ይጠይቃል። እኛ እናውቃለን ብለን ስለምናስብ አንጠይቅም።

የትኛው ሐበሻ? በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ እኔ ክፍል የሚገባውን ሰው ልብ በሉ። መርካቶ ሱቅ ያለው ጉራጌ ነጋዴ። ከወሎ የመጡ፣ «አንቱ» እያሉ የሚያናግሩኝ አባት። ቦሌ ያደገች፣ አማርኛዋ በእንግሊዝኛ የተሰበጣጠረ ወጣት። የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ባሏ ከሞተ ገና አርባው ያልወጣ ሴት። ከ80 በላይ ቋንቋ የሚነገርበት አገር ዋና ከተማ ነው።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ያ ፎርም አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ሲፈተሽ ድብርትን ለመለየት የተሻለው መነሻ 10 ነጥብ ሆኖ ተገኘ። ገጠር፣ ጉራጌ ውስጥ ባለችው ሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ሲፈተሽ ደግሞ 5 ሆነ። አንድ አገር፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ፎርም። ሁለቱ ቦታዎች መሐል ያለው ርቀት የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። እኔ ክፍል ውስጥ ግን ከሶዶ ወንድሟን ልትጠይቅ የመጣች ገበሬና የካዛንቺስ የባንክ ሠራተኛ በተራ ይቀመጣሉ። የሁለቱን ነጥብ በአንድ ዓይን ላየው ነው?

ከቁጥሩ በፊት ደግሞ ቋንቋው አለ። የእንግሊዝኛውን ጥያቄ ወደ አማርኛ ስንመልስ ገና ከመጀመሪያው ቃል እንቸገራለን። «አንተ» ነው የምንለው፣ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ»? እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ይበቃዋል። እኛ ግን ሰውየውን ገና ሳናውቀው ዕድሜውን፣ ክብሩንና ከእኛ ጋር ያለውን ርቀት መወሰን አለብን። የ55 ዓመት ሰው በ«አንተ» ከጀመርኩት ምናልባት ሁለተኛ አይመጣም። የ19 ዓመት ልጅ በ«እርስዎ» ካናገርኩት ፖሊስ ጣቢያ የገባ ይመስለዋል። ይህን በየትኛውም የሥልጠና ክፍል ሰው ሲያነሳው አልሰማሁም።

ስለ ሞት የሚጠይቀው ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። በአማርኛ ሞት የዕለት ቋንቋ ነው። እናት ልጇን «ልሙትልህ» ትላለች። የተናደደ ሰው «ምነው አፈር በሆንኩ» ይላል። ሽማግሌ «ሞቴን አሳምርልኝ» ብሎ ይጸልያል። ይህን ሁሉ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ብሎ የሚመዘግብ ባለሙያ ቤተሰብ ያስደነግጣል። ግን የሚያስፈራኝ ተቃራኒው ነው። አንድ ወጣት በየጊዜው እየመጣ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይለኝ ነበር። ስለ ሞት አንድም ቃል አልተናገረም። አንድ ቀን ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «ሰለቸኝ እኮ» አለ። እንዲመለስ ለምኜ አስቀመጥኩትና በቀጥታ ጠየቅኩት። የእውነት አደጋ ላይ የነበረው እሱ ነበር። ዛሬ ደህና ነው። «ሰለቸኝ» የምትለዋን ቃል እንደ ተራ ማጉረምረም አልፌያት ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ እስከ ዛሬ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልተጠየቀ ሰውም አለ። ያ የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ተማሪ አማርኛው እንከን የለውም። ስለ ትምህርቱ ሲያወራ ቃል አያጥረውም። ስለ አባቱ ሞት ስጠይቀው ግን አጭር አጭር፣ ደረቅ መልስ ነው የሚሰጠኝ። ማስታወሻዬ ላይ «ስሜቱ የደነዘዘ» ብዬ ጻፍኩ። ኋላ ላይ ቋንቋውን ወደሚችል ባልደረባዬ ላክሁት። እዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀሰ። ስሜቱ ድሮም አልደነዘዘም። ያዘነው በሌላ ቋንቋ ነበር።

አሁን ደግሞ ስሜን ሰምቶ የየት ሰው እንደሆንኩ የሚገምት ታካሚ አለ። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ይህ በዝቷል። ዘመድ የሞተበት ሰው ከፊቱ የተቀመጠችው ሴት ከየት ወገን እንደሆነች ቢያስብ አልፈርድበትም። «እዚህ ሁላችንም ኢትዮጵያዊ ነን» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን «ከእኔ ጋር ስለዚህ ማውራት ይከብድህ ይሆን?» ብዬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። አንዳንዱ አዎ ይላል። ያኔ ሌላ ባለሙያ አፈላልግለታለሁ።

ሌላው ይሉኝታ ነው። መጽሐፎቻችን «እምቢ ማለትን አስተምር» ይላሉ። አንዲት የ26 ዓመት ወጣት የደመወዟን ግማሽ ለታናናሾቿ ትልካለች። በዚያ ላይ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ እቁብ። እንቅልፍ አጥታ መጣች። በመጽሐፉ ብሄድ ለቤተሰቧ «ከዚህ በኋላ አልችልም» እንድትል አለማምዳታለሁ። ብትለው ግን የምታጣው ቤተሰቧን ነው። ስለዚህ «በቤታችሁ ቃሏ የሚሰማ ማን ናት?» አልኳት። አክስት አሏት። አክስትየው መሐል ገብተው ወጪውን ከሌሎቹ ልጆች ጋር አካፈሉት። ልጅቷ ፊት ለፊት እምቢ አላለችም። እንቅልፏ ግን ተመለሰ።

ጸበልን በተመለከተ የምናገረው ከልቤ ነው። ብዙ ባለሙያ «ጸበል ሄደው ነበር?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቀው እንደ ወንጀል ምርመራ ነው። ታካሚው ድምፁን ሲሰማ ይዋሻል። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር በመላ አገሪቱ የነበሩት 11 ያህል ነበሩ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሲቀበል የኖረው እንጦጦና ሽንቁሩ ነው፣ ሼሁ ነው፣ ፓስተሩ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ደግሞ ስሙ ራሱ ስድብ ተደርጎ ነው ያደግነው። ሰው መጀመሪያ ወደሚያውቀው ቢሄድ ምን ይገርማል?

ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉም አይተናል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምዕመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን መጠቀም እንደሚችሉ በአደባባይ ተናገሩ። ጸበል ልጠጣ ብሎ መድኃኒት ላቋረጠ ሰው ይህ ቃል ከማንኛውም የሐኪም ምክር ይበልጥ ነበር። ለአእምሮ ሕመም መድኃኒትም እንዲህ ያለ ቃል በየደብሩ፣ በየመስጊዱና በየቸርቹ ቢሰማ ደስ ይለኛል። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ለረጅም ጊዜ ሁሉንም ታካሚ «ጸበልስ?» እያልኩ ነበር የምጠይቀው። አንድ ሙስሊም ታካሚ በትሕትና «እኔ ቁርኣን ነው ያስቀራሁት» እስኪለኝ ድረስ፣ ጥያቄዬ የእኔን ቤት እንጂ የእሱን ቤት እንደማያውቅ አላየሁም።

ተማሪ ሳለሁ፣ ከአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ዲኤስኤም-4 የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ ዛር የሚለውን ቃል አገኘሁ። ኢትዮጵያ ተጠቅሳለች። ያለው ግን መጨረሻ ላይ፣ አባሪው ውስጥ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲኤስኤም-5 የተሻለ ነገር አመጣ። ባለሙያው ታካሚውን የሚጠይቃቸው 16 የባህል ጥያቄዎች ተካተውበታል። ከእነሱ ውስጥ ለእኔ ወርቅ የሆኑት በጣም ቀላሎቹ ናቸው። ችግሩን እርስዎ ምን ብለው ይጠሩታል? ምን አመጣው ይላሉ? ቤተሰብዎስ ምን ይላል? ጥያቄዎቹ ፈረንጅ የጻፋቸው መሆናቸው አይከፋኝም። መልሱ የእኛ ነው።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን። ባህልን ማክበር ማለት በባህል ስም የሚደረገውን ሁሉ መቀበል ማለት አይደለም። የታመመ ሰው በሰንሰለት ታስሮ ሳይ ዝም አልልም። ባል ሲመታት «የቤት ገመና ነው፣ ሆድ ይፍጀው» ተብላ የመጣች ሴት «ባህላችን ነው» ብዬ አላሰናብታትም። ለዚህም ቢሆን ባህሉን ማወቅ ይጠቅማል። የትኛው ሽማግሌ እንደሚሰማ፣ የትኛው ቄስ ሰንሰለቱን እንደሚያስፈታ የማያውቅ ባለሙያ ጩኸቱ ከክፍሉ አይወጣም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ካርድ ላይ «በየትኛው ቋንቋ ማውራት ይቀልዎታል?» የሚል መስመር ይኑር። ጾም ላይ መሆን አለመሆኑ ይመዝገብ። ልጅ ለእናቷ አስተርጓሚ አትሁን፤ እናት በልጇ አፍ የምትናገረው ነገር ልክ አለው። ተማሪዎቻችን በተግባር ልምምዳቸው ላይ ከፎርም በፊት መጠየቅን ይለማመዱ፤ መምህሩም አብሯቸው ይቀመጥ።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። በሁለተኛው ቀን ፎርሙን መሳቢያ ውስጥ ተውኩት። ልጃቸውንም ውጪ እንድትጠብቅ ጠየቅኳት። «እማማ፣ ይህን ነገር እርስዎ ምን ይሉታል?» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። «ሰው ራበኝ» አሉ።

ካዛንቺስ ከ30 ዓመት በላይ ኖረዋል። ሰፈሩ ሲፈርስ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው። ቤቱን አላሙትም፤ ንጹሕ ነው አሉ። እድራቸው ግን ተበተነ። የሚካኤል ማኅበራቸው አባላት አንዷ በምሥራቅ፣ አንዷ በምዕራብ ሆኑ። ጠዋት «ቡና ጠጡ» የሚል ድምፅ የለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ጀበናውን ያዩታል እንጂ አያፈሉም። «ብቻዬን የፈላ ቡና ምን ቡና ነው?» አሉኝ። ስለ ሞትም በቀጥታ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ለመጉዳት አስበው እንደሆነ። አማተቡ። «ሎቱ ስብሐት! እሱ ሲፈቅድ ነው እንጂ።»

ሥራችን ከዚያ ጀመረ። ሐዘናቸውን እንደ ሐዘን ያዝነው። አዲሱ ሕንፃ ላይ በስም የሚያውቁት ሰው ማን እንደሆነ ቆጠርን፤ አንድም አልነበረም። አንድ ሳምንት አንድ በር ማንኳኳት የቤት ሥራቸው ሆነ። የመጀመሪያዋን በር ለማንኳኳት ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው።

ከወራት በኋላ ቀጠሮ ስይዝላቸው ካላንደሩን አይቼ «በ12 ይምጡ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በ12 አልችልም ልጄ። ሚካኤል ነው። ተረኛዋ እኔ ነኝ።»