የሚወዛወዘው ማንኪያና የጣና ነጭ ዓሣ

በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ያሉ ብዙ ሐይቆች ትራውት ለሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ አጥማጅ የሚከፈቱት በኤፕሪል አራተኛው ቅዳሜ ነው። በዚያ ሰሞን ሲያትል አካባቢ የማጥመጃ ዕቃ መደብር የገባ ሰው ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በሰው ሠራሽ ዓሣ ተሸፍኖ ያገኘዋል። ዓይን የተሣለበት አለ፣ ከጎማ የተሠራ አለ፣ ሽታ የተቀባም አለ። እኔን ሁልጊዜ የሚስቡኝ ግን ጥግ ላይ የሚሰቀሉት ሁለቱ አሮጌ ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው እጀታው የተቆረጠ ማንኪያ የሚመስል ብረት ነው። ሁለተኛው ጀርባው የጎበጠ፣ ሆዱ ላይ ትንንሽ መንጠቆዎች የተንጠለጠሉበት ቀለል ያለ ነገር ነው። የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ ውሃ ውስጥ ግራና ቀኝ መወዛወዝ።

የማንኪያው ነገር የሚጀመረው ከቨርሞንቱ ሰው ከጁሊዮ ቡዌል ነው። ጀልባ ላይ ምሳ ሲበላ ማንኪያው ከእጁ አምልጦ ወደቀ፣ እየተገለባበጠ ሲሰምጥም ትልቅ ዓሣ መጥቶ ላፈው ይባላል። ታሪኩ በአፍ ሲተላለፍ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። በ1852 የፈጠራ መብት ማግኘቱ ግን የተመዘገበ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ቆይቶ ሉ ኤፒንገር የተባለ የዲትሮይት ሰው ቀይ ቀለም ላይ ነጭ ሰንበር ያለውን ዳርዴቭል አወጣ፤ ብዙ አሜሪካዊ ማንኪያ ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ጎባጣው ደግሞ ፍላትፊሽ ይባላል። በ1930ዎቹ እዚያው ዲትሮይት ቻርልስ ሄሊን የሠራው ሲሆን፣ አሁን ባለቤቱ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ያኪማ ሸለቆ ውስጥ ያለ ድርጅት ነው።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ብልሃት አለበት። የፍላትፊሽ ክር የሚታሰረው አፍንጫው ላይ ሳይሆን ወደ ጀርባው ገባ ብሎ ነው። ሲጎተት ውሃው ያዘነበለ ግንባሩን እየመታ ወደ አንዱ ጎን ይገፋዋል፤ ተመልሶ ደግሞ ወደ ሌላው። ፈጣን ጉተታ አይወድም። ጀልባው በመቅዘፊያ ቀስ እያለ ሲሄድ ነው የሚያምርበት። ማንኪያውም ፍጥነቱ ልኩን ካለፈ መወዛወዙን ትቶ መሽከርከር ይጀምራል፤ ያኔ ክሩን ያጠማዝዛል፣ ዓሣም አይጠጋውም። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው አርቆ ከመወርወሩ በፊት ጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ ያስገባውና እየጎተተ ያየዋል። ብረቱ አንዴ ብልጭ፣ አንዴ ጥቁር ሲል ልኩን አግኝቷል ማለት ነው። የቆሰለች ትንሽ ዓሣ የምትዋኘው እንዲህ ነው። ትራውት ደግሞ በዓይኑ ብቻ አያድንም። ከስንጥቡ እስከ ጭራው በጎኑ በተዘረጋ የስሜት መስመር የውሃውን ንቅናቄ ይሰማል፤ በደፈረሰ ውሃ እንኳ የሚወዛወዘውን ነገር ፈልጎ የሚመጣው በዚህ ነው።

ባሕር ዳር ያደጉ፣ ጋሼ የምላቸው አዛውንት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ መጥተው አብረን ወጥተን ነበር። ዘንጉን ሰጠኋቸው። ጥቂት ቆይተው በጣታቸው ክሩን ነካ አደረጉና «ልጄ፣ እጄ ላይ ይመታል እኮ! ሕይወት ያለው ነው የሚመስል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማጥመጃው በትክክል ሲሠራ የዘንጉ ጫፍ ሳያቋርጥ ይርገበገባል። ምቱ በድንገት ከቆመ ወይ ቅጠል ይዟል፣ ወይ ዓሣ መጥቷል። ያን ቀን ዓሣ መጣ። ጎኑ ሮዝ መስመር ያለው፣ ጀርባው በነጠብጣብ የተሞላ ቀስተ ደመና ትራውት። መንጠቆው ከንፈሩ ጫፍ ላይ ነበር የያዘው። እኔ ከማጥመጃው ባለ ሦስት ጫፉን መንጠቆ አውጥቼ ባለ አንድ ጫፍ ስለማስገባበትና ወደኋላ የተመለሰችውን ጥርሱን በጉጠት ስለምጫናት፣ ለመልቀቅም ለማስቀረትም ያመቻል። ጋሼ ግን ዓሣውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት። ኪሴ ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

ፈቃዴ ነበር። እዚህ 15 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ዘንግ አይዘረጋም። በአብዛኛው ሐይቅ በቀን ከአምስት ትራውት በላይ መያዝ ክልክል ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የበለጠ የገረመኝ ብዙ የማይወራው ነው፦ ከ1950 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት የማጥመጃ ዕቃ አምራችና አስመጪ ለዓሣ ጥበቃ የሚውል ግብር ይከፍላል፤ ለአብዛኛው ዕቃ 10 በመቶ ነው። ገንዘቡ ለክፍለ ግዛቶቹ የሚከፋፈለው በስፋታቸውና ፈቃድ ባወጡት ሰዎች ብዛት ነው። ስለዚህ ጥግ ላይ የተሰቀለችው ማንኪያ ገና ውሃ ሳትነካ ለውሃው ከፍላለች። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ ከዓሣው የተገኘ ለዓሣው ይመለሳል ማለት ነው» አሉ።

ይሁንና የዚህ አገር ሰው ውሃውን ሁልጊዜ ጠብቆታል ብሎ የሚናገር ቢኖር ተሳስቷል። ሲያትል መሃል ባለው ግሪን ሌክ የምናጠምደው ትራውት ከማራቢያ በመኪና መጥቶ የተለቀቀ ነው፤ ተመልሶ እንዲወጣ የገባ ዓሣ። እዚሁ ዋሽንግተን ያለው የኤልዋ ወንዝ ሳልመን ዓሣ ደግሞ በሁለት ግድቦች የተነሳ ለመቶ ዓመት ያህል ወደ ላይኛው ወንዝ መውጣት አልቻለም ነበር፤ ግድቦቹ የፈረሱት ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ነው። ነባሮቹ ሕዝቦች በ1850ዎቹ በውል የተጠበቀላቸውን የማስገር መብት ፍርድ ቤት አጽንቶ እስከ ግማሽ ድርሻ የፈረደላቸው በ1974 ነው። ብዙ ከጠፋ በኋላ የመጣ ጥንቃቄ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚጠቅመው ትምህርትም እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ እኛ ገና ሙሉ በሙሉ አላጣንም።

ትራውትማ እኛም አገር አለ። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች፣ በወይብ ሳይቀር፣ ተለቆ እስከ ዛሬ ይኖራል። ለእኔ ግን የአገሬ ውድ ዓሣ እሱ አይደለም። የጣናው ነጭ ዓሣ ነው። ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚለው ይህ ወገን ጣና ውስጥ ብቻ ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነሱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ ያውም በአፋቸው ጥርስ ሳይኖራቸው፣ ጉሮሯቸው ውስጥ ባለው ጥርስ እያደቀቁ። ይህን የሚመስል የዝርያ ስብስብ የነበረው የፊሊፒንሱ ላናዎ ሐይቅ ነበር። ከዚያ 17 ዝርያዎች 15ቱ ጠፍተዋል ተብሎ በ2020 ታውጇል።

የጣናው አደጋ ወቅት አለው። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ገልዳ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡ የሚዘረጋውም እዚያው ነው። ቀድሞ የነገደ ወይጦ ሰዎች በታንኳ ዳር ዳሩን ያሰግሩ ነበር፤ ከ1986 በኋላ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ መጣ። በ1991 እና በ2001 መካከል በተደረገ ጥናት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ክብደት በ75 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኘ፤ ጫጩቶቹ ደግሞ በ90 በመቶ። በዚህ ላይ ዓሣ ለማደንዘዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚጨምር አለ፤ ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። የርብ ግድብም ተሠርቷል፤ የኤልዋን ታሪክ ያየ ሰው ስለ ርብ ዓሣ ሳይጠይቅ አያልፍም።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለው ከወንዙ አፍ ላይ የሚቆም ሰውና ለዚያ ሰው የሚከፈል ገንዘብ ነው። ጋሼ እንደነገሩኝ፣ አስጋሪው ራሱ ዕንቁላል የሞላባትን ዓሣ ሲያወጣ ደስ አይለውም፤ ግን እሱ ቢተዋት ጎረቤቱ እንደሚያወጣት ያውቃል። እዚህ እኔ አምስተኛውን ትራውት ይዤ ዘንጌን የምጠቀልለው ከእሱ የተሻልኩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ጎን ያለው ሰውም እንደሚጠቀልል እርግጠኛ ስለሆንኩ ነው።

ጣና ዳር ያለ ወጣት ማንኪያ ይዞ ቤተሰብ ይቀልባል እያልኩ አይደለም፤ ዘንግ የመረብን ያህል አያወጣም። ሆኖም ዓሣ የሚያድነው ነጭ ዓሣ ብረቷን ይነክሳታል፣ ይህን ለማየትም ከሩቅ የሚመጣ አጥማጅ አለ። ጀልባ የሚቀዝፍለት፣ ቦታውን የሚያሳየው፣ የተያዘውን ዓሣ በእርጥብ እጅ ይዞ የሚለቅለት የአገሩ ልጅ ከአንዱ ዓሣ ደጋግሞ ሊበላ ይችላል። እንግዳው የሚከፍለው የፈቃድ ገንዘብ ደግሞ በቀጥታ ለወንዙ አፍ ጠባቂ ደሞዝ ቢውል፣ ቢያንስ በጉማራ ብቻ እንኳ ቢጀመር፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መረብ የሚከለከልበትን ጊዜ ማስከበር ይቻላል። ክልከላው ግን ከአስጋሪው የእነዚያ ወራት ቀለብ ጋር አብሮ ካልታሰበ፣ ባዶ ቤት ላለው ሰው «አታስግር» ብሎ የሚቆም ጠባቂ እኔም አልደግፍም።