«ታምሜ ሐኪም ቤት ነኝ» ብሎ የሚጽፈው ማን ነው?

ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን የምትኖረው አክስቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ገብስ ስትለቅም የእድራቸው ዳኛ ብርቱካን በፌስታል ይዘው ገቡ። «እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ዛሬስ ተሻለሽ?» አሏት። «ምን ሆኜ ጋሼ?» ብላ ደነገጠች። ስልካቸውን አውጥተው አሳዩዋት። ከእርሷ ቴሌግራም የተላከው መልእክት «ድንገት ታምሜ ሐኪም ቤት ነኝ፤ 5,000 ብር በዚህ አካውንት ላኩልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» ይላል። እርሳቸው ገንዘቡን ማታውኑ ልከው፣ ጠዋት ሊጠይቋት መምጣታቸው ነበር።

ወደኋላ ተመልሰን ስናጣራ፣ ነገሩ የተጀመረው በዋዜማው ነው። በአንድ የጎረቤት ልጅ ስም «የእህቴ ልጅ የሥዕል ውድድር ላይ ናት፤ እባክዎ ይህን ሊንክ ተጭነው ድምፅ ይስጧት» የሚል መልእክት ደርሷታል። የልጁም አካውንት ቀድሞ ተሰርቆ ኖሯል። ሊንኩን ስትጫን የተከፈተው ገጽ ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት፤ ቀጥሎም ከቴሌግራም የመጣላትን ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር እንድታስገባ አዘዛት። ቁጥሩን ለማንም እንዳትሰጥ የሚያስጠነቅቀው ጽሑፍ አብሮት መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እርሷ ቴሌግራም የያዘችው ጅዳ ካለች ልጇ ጋር ለመገናኘት ነው፤ እንግሊዝኛ አታነብም፣ ቁጥር ግን ታነባለች።

እንዲህ ያለው ሲደርስ «ሃክ ተደረግሁ» እንላለን፤ ቃሉም ሌባውን ከኮምፒውተር ጠቢብ ይቆጥረዋል። በእኔ እምነት ይህ አነጋገር ያሳስተናል። ማንም የአክስቴን ስልክ አልሰበረም፤ ቁልፉን በእጇ እንድትሰጥ አደረጓት እንጂ። ሌባው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ እኛ ሰው ታመመ ሲባል ለምን ብለን የማንጠይቅ፣ የጎረቤት ልጅ ሲለምነን እምቢ ለማለት ይሉኝታ የሚይዘን ሰዎች መሆናችንን ነው። መንገዱ በማይታመንበት በዚህ ዘመን ደግሞ «መንገድ ላይ ተይዣለሁ» የሚል መልእክት የደረሰው የሸዋ ሮቢት ወይም የመሐል ሜዳ ሰው አስቦ ለማጣራት የሚያስችል ልብ አይኖረውም። የሚሰረቀው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ይህ መተማመናችን ነውና እጅግ ያሳዝነኛል።

በቴሌብርም ነገሩ ያው ነው። አገልግሎቱ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የገበያው ሒሳብ ሁሉ ወደ ስልክ እየገባ ነው፤ ብር የገባ የሚያስመስል የጽሑፍ መልእክት ልኮ «በስህተት ብር ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል ደዋይም አብሮ መጥቷል። ብር መግባቱን የሚያሳየው የደረሰን ጽሑፍ ሳይሆን ሒሳባችን ነው፤ *127# ደውሎ ቀሪውን ማየት ደቂቃ አይፈጅም። የሚስጥር ቁጥራችንን በስልክ የሚጠይቅ ሰው፣ «ከባንክ ነኝ» ቢልም፣ «ሽልማት ደርሶዎታል» ቢልም፣ ሌባ ነው።

ወደ ቴሌግራሙ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለና። አካውንታችን ውስጥ አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ስልክ ወዲያውኑ ማስወጣት አይችልም፤ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ባለቤቱ ሴቲንግ ገብቶ፣ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍቶ፣ የማያውቀውን ስልክ ሊያባርር ይችላል። አክስቴን ያተረፋትም ይኸው ነው፤ ዳኛው ባይመጡና አንድ ቀን ቢያልፍ ኖሮ ሌባው እርሷን ከገዛ አካውንቷ ያስወጣት ነበር። ከዚያ በኋላ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን፣ እርሷ ብቻ የምታውቀውን ተጨማሪ የይለፍ ቃል አወጣንላት። ይህ ቢኖር ኖሮ ያ ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ብቻውን በሩን አይከፍትም ነበር።

አቤት ለማለት የሄድንበት ቢሮ «ራሷ ሰጥታ ምን ይደረግ?» ብሎ መለሰን። ይህ መልስ ስህተት ነው። ያለፈቃድ የሰው አካውንት ውስጥ መግባትም ሆነ በኮምፒውተር ሰውን አታልሎ ገንዘብ መውሰድ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጡ ወንጀሎች ናቸው፤ ተበዳዩ ተታሎ መስጠቱ ወንጀሉን አይሰርዘውም። ገንዘቡ የገባውም ባለቤት ስም ባለው የባንክ ሒሳብ ነው። ከዚህ የበለጠ የምርመራ መነሻ ምን ሊቀርብ ነበር? ይሁንና ሰው አቤት የማይለው ሰሚ በማጣት ብቻ አይመስለኝም፤ «ተሞኘ» መባልን ፈርቶም ነው። ሌባው በዚህ ዝምታ ይጠቀማል፤ ትናንት አንዱን ባታለለበት ዘዴ ዛሬ ጎረቤቱን ያታልላል።

አክስቴ ግን ዝም አላለችም። በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ተነሥታ የደረሰባትን ከሥር መሠረቱ ተናገረች። እርሷ ስትቀመጥ ሦስት ሰዎች «እኔም ደርሶብኛል» አሉ፤ አንደኛው ከሆነበት ዓመት አልፎት ለሚስቱ እንኳ አልነገረም ነበር። ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ «በጽሑፍ ገንዘብ ለሚጠይቅ አባል፣ በተለመደው ስልክ ተደውሎ ድምፁ ሳይሰማ ገንዘብ አይላክ» ብሎ አሰፈረ። እርሷም ዳኛውና አንዲት ሌላ ጎረቤት የላኩትን 10,000 ብር፣ «አንቀበልሽም» እያሏት፣ በየወሩ ጥቂት በጥቂት እየመለሰች ነው።