ደሴና ኮምቦልቻ ለልጆቻቸው የማደሪያ ሜዳ ያዘጋጁ

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ለሚያድግ የዛሬ ልጅ ካምፕ ሲባል ቀድሞ የሚታየው የተፈናቃዮች የሸራ መጠለያ ነው። ልጁ የሚያስበው ያየውን ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መባቻ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ሲገፋ የሁለቱም ከተሞች ትምህርት ቤቶች ከሰሜን ወሎና ከዙሪያው በሸሹ ቤተሰቦች ተሞልተው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከተሞቹ ራሳቸው የጦርነቱ ሜዳ ሆኑ፤ በተሁለደሬ ወረዳ ጃሪ ላይ ደግሞ ከኦሮሚያ ክልል የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ዓመታትን በመጠለያ አሳልፈዋል። ልጅ ወድዶ የሚሄድበት፣ ከእኩዮቹ ጋር ሜዳ ላይ አድሮ፣ ምግቡን በእጁ አብስሎ፣ የሌሊቱን ሰማይ አይቶ በተባለው ቀን ወደ ቤቱ የሚመለስበት ካምፕም እንዳለ በተግባር የሚያውቅ ልጅ በመካከላችን ጥቂት ነው። ሁለቱ ከተሞች ይህን ዕድል ለልጆቻቸው መስጠት አለባቸው፤ መስጠትም ይችላሉ ብዬ አምናለሁ።

ልጆችን ለትምህርት ብሎ ሜዳ ማሳደር በሌላው ዓለም የቆየ ልማድ ነው። በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ፍሬድሪክ ገን የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1861 ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ባሕር ዳርቻ በመውጣት ድንኳን ያስተከለበት ጉዞ ለዛሬው የዕረፍት ጊዜ ካምፕ መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል። እንግሊዛዊው ሮበርት ቤደን ፓውል እ.ኤ.አ. በ1907 ከባለጸጋና ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡ 20 ያህል ወንዶች ልጆችን በብራውንሲ ደሴት አንድ ላይ አሳደረ፤ የስካውት እንቅስቃሴም ከዚያ ሙከራ ተወለደ። ዛሬ የስፖርት፣ የቋንቋ፣ የሙዚቃና የኮምፒዩተር ካምፖች አሉ። ጎብኚ አልጋና ገላ መታጠቢያ ባለው ድንኳን የሚያድርበት፣ ወይም እንደ ቤት የተሠራ መኪና እየነዳ የሚዘዋወርበትም አለ፤ ይኸኛው ለያዝነው ጉዳይ እምብዛም ስለማይጠቅም አልፈዋለሁ። ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሚስበው የስኳር ሕመም ላለባቸው ልጆች የሚዘጋጀው ካምፕ ነው፤ ልጁ በክፍሉ ውስጥ መርፌ የሚወጋ እርሱ ብቻ ሲሆን፣ በካምፑ ግን ጎረቤቱም ከጎረቤቱ የሚቀጥለውም እንደ እርሱ ኢንሱሊን ወስዶ እግር ኳስ ሲጫወት ያያል፣ መርፌውን ራሱ መውጋትንም ከእኩዮቹ ይማራል። በሐኪም ቤት ብዙ ቀጠሮ የሚፈጀውን ድፍረት ልጁ በጥቂት ቀናት ይዞት ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ለወሎ ሰው ባዕድ መስሎ መታየት የለበትም። በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርደው በድንኳን ሲያድሩ ምእመኑ አብሮ ያድራል፤ ሕፃናትም በነጠላና በጋቢ ተጠቅልለው ሌሊቱን ከወላጆቻቸው ጋር ያሳልፋሉ። ለመስከረም 21 የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ደሴን አልፎ ወደ አምባሰል ሲወጣ የሚያድረው በድንኳንና በሜዳ ነው። በመውሊድ ወደ ጃማ ንጉሥ መስጊድ የሚሄደውም እንዲሁ በመንዙማና በድቤ ሌሊቱን አንግቶ ይመለሳል። የቆሎ ተማሪ በየኔታ ደጅ ጎጆውን ራሱ ቀልሶ፣ ደረሳም በሸኹ ግቢ ከጓደኞቹ ጋር ተጠግቶ ዓመታትን ይኖራል፤ እንጨት መልቀም፣ ውሃ መቅዳት፣ ያገኙትን ተካፍሎ መብላት የትምህርቱ አካል ነው። በሰኞ ገበያ ቀን ወደ ባቲ የወረደ ሰው ደግሞ ከአፋር ወገኖቻችን ጋር ይገናኛል፤ የአፋር ሴቶች ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን የሚሠሩት ቤት ፈርሶ፣ በግመል ተጭኖ፣ በሌላ ቦታ እንደገና የሚቆም ነው። ስለዚህ ሜዳ ማደርን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም። የጎደለን ይህን ልማድ ለከተማው ተማሪ የሚመጥን አድርጎ የሚያደራጅ አካል ነው።

ደሴ ራስዋም የተመሠረተችው በ1870ዎቹ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰፍረውበት ከነበረው ቦታ ላይ እንደሆነ ይነገራል። የነገሥታቱ ሰፈር ብዙ ሺህ ሰው፣ ፈረስና አጋሰስ የያዘ ሆኖ ሳለ በየማታው በአዲስ ሜዳ ላይ ሲተከል ትርምስ የማይነግሠው ሥርዓት ስለነበረው ነው፤ የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይቆማል፣ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ ከቀኝ፣ ግራዝማቹ ከግራ ይሰፍራሉ፣ ስንቅ ተሸካሚውና ወጥ ቤቱም ቦታ አላቸው። ሰው ሁሉ በማያውቀው አገር ጨለማ ውስጥ እንኳ የቱ ጋ እንደሚተኛ ያውቅ ነበር። ለ40 ልጆች የሚዘጋጅ ካምፕም ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት መኝታው፣ ማብሰያው፣ መጸዳጃውና የጠባቂው ቦታ ተለይቶ ካልተወሰነ በመጀመሪያው ማታ ይበላሻል።

ከዘመናዊው ታሪካችን ደግሞ በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ አለ። 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲላኩ ብዙዎቹ የከተማ ልጆች ገበሬው የሚተኛበትን መደብና የሚበላውን ሽሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቁት ያን ጊዜ ነው። የዘመቻው ትውልድ ስለ ጓደኝነቱ በናፍቆት ሲያወራ እሰማለሁ፤ ነገር ግን ዘመቻው በትእዛዝ የሆነ፣ ፖለቲካ የተጫነው፣ ሕይወት ያለፈበትም ነበር። የልጆች ካምፕ የማንም ፓርቲ የቅስቀሳ መድረክ እንዳይሆን ከወዲሁ መከልከል የሚያስፈልገው ይህ ታሪክ ስላለን ነው።

ከሁሉ የከበደው ትዝታችን የረሀቡ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከዚያም በ1977 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ እህል ፍለጋ ከቀዬው ወጥቶ በየመንገዱ ዳር ሰፈረ፤ ባቲና ኮረም በዓለም የታወቁት ያን ጊዜ በነበሩት የእርዳታ ጣቢያዎች ነው። በወዳጅነት ከሚታደር ሜዳ ጋር ይህን ማወዳደር አይገባም። በፈቃድ የሄደ ሰው የሚመለስበት ቀን አለው፣ ቤቱም እየጠበቀው ነው፤ ተፈናቃይ ሁለቱም የሉትም። ነገር ግን ከዚያ መከራና ከቅርቡ መፈናቀል ሁለቱ ከተሞች ያተረፉት ዕውቀት አለ፤ ለብዙ ሰው መኝታ፣ ውሃና መጸዳጃ ማዘጋጀትን በተግባር የተማሩ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ መምህራንና የዕድር ሰዎች በየሰፈሩ አሉ።

እነዚህ ሰዎች የሚሠሩባቸው ልኬቶች ለልጆች ካምፕም ያገለግላሉ። በዓለም ዙሪያ የሰብአዊ እርዳታ ሠራተኞች የሚመሩበት የስፊር መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰዎች አንድ መጸዳጃ፣ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ መኝታ እንዲኖር ያዛል፤ መጸዳጃው ከመኝታው ከ50 ሜትር እንዳይርቅ፣ ከውሃ ምንጩ ግን ቢያንስ 30 ሜትር እንዲለይ ይጠይቃል። 40 ልጆችና 5 አዋቂዎች ለሚያድሩበት ካምፕ ይህ ማለት በቀን 675 ሊትር ውሃ፣ ለሴትና ለወንድ የተለዩ ቢያንስ 3 መጸዳጃዎች፣ ወደ 160 ካሬ ሜትር የሚጠጋ መኝታ ነው። ይህን ለማቅረብ አንድ የውሃ ታንከር፣ ጥቂት ድንኳኖችና ጉድጓድ የሚቆፍሩ ክንዶች ይበቃሉ። ድንኳንና ድስት በማከራየትና በማዋስ የሚተዳደሩ ዕድሮች ባሉበት ከተማ ይህ ከዓቅም በላይ ነው ሊባል አይችልም።

ጊዜውን በሚመለከት ከውጭ የተቀዳ አሠራር ይጎዳናል። በአውሮፓና በአሜሪካ ካምፕ የሚደረገው በረጅሙ የትምህርት ዕረፍት ነው፤ ያ ወቅት ለእነርሱ ፀሐያማ ነው። የእኛ ረጅም ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይውላል፤ ደሴ ያን ጊዜ በዝናብና በጉም ውስጥ ናት፣ የጦሳ ተራራ ተዳፋትም ያንሸራትታል። ለእኛ የሚስማማው የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና አልቆ ተማሪ የሚያርፍበት የጥር መጨረሻና የየካቲት መጀመሪያ ነው። የቦታው ከፍታም ሊታሰብ ይገባል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ስለሚገኙ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የ4 ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት አለ። በበጋ ጥርት ባለ ሌሊት የደሴው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ስስ ድንኳን ውስጥ የሚተኛ ልጅ ከላዩ ካለው ብርድ ልብስ ይልቅ ከሥሩ የሚነጠፈው ገለባ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ያድነዋል፣ መሬት ሙቀትን ከአየር ይልቅ ፈጥና ትወስዳለችና።

ቦታ ሞልቶናል። ከደሴ በስተሰሜን ስሙም ሐይቅ የሆነው ሐይቅ አለ፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ስለሆነ አንድ ሌሊት በዳርቻው ያደረ ተማሪ ታሪኩንም ተፈጥሮውንም አብሮ ያያል። በደቡብ የማይባር ሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ በላይ የየጎፍ ደን፣ ራቅ ብሎም በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት የደንቆሮ ደን አሉ። እያንዳንዱ ቦታ ግን የራሱ አደጋ አለው። ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ስለሆነ ዋና ሊፈቀድ አይገባም። በሐይቅ ከተማ አካባቢና በቦርከና ተፋሰስ የቢልሃርዚያ በሽታ መኖሩ ስለሚታወቅ ልጆች ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ መከልከል ያስፈልጋል። በኮምቦልቻ ዙሪያ ወባ ስላለ አጎበር ግድ ነው። በየጎፍ ደግሞ እሳት ከተፈቀደለት ምድጃ ውጭ እንዳይነድ፣ የተረፈ ምግብም ጅብ እንዳይጠራ ተከድኖ እንዲቀመጥ ደንብ መኖር አለበት።

ይህን ስጽፍ ያለንበትን ሁኔታ ዘንግቼ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ከተጀመረው ግጭት ወዲህ ወላጅ ልጁን ከከተማ ውጭ ማሳደር ይፈራል፤ መፍራቱም ትክክል ነው። ሰላም እስኪጸና ልጆችን ይዞ ወደ ደን መሄድን አልደግፍም። ይሁን እንጂ በአጥር የተከበበ የትምህርት ቤት ግቢ አለን። የመጀመሪያው ካምፕ እዚያው፣ መምህራንና ወላጆች ተራ ገብተው በሚጠብቁት ሜዳ ላይ ለአንድ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ድንኳን መትከል፣ ውሃ አፍልቶ ማጣራት፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ፣ ኮከብ መለየት ሁሉ በግቢ ውስጥ መማር ይቻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተፈናቃይ መጠለያ የነበረ ግቢ የልጆች ጨዋታና ዝማሬ ቢሰማበት ለተማሪዎቹም ለመምህራኑም ያለውን ትርጉም አቃልዬ አላየውም።

ወላጆች፣ በተለይ የሴት ልጆች እናቶች፣ የሚያነሡት ጥያቄ ከባድ ስለሆነ በቃል ማረጋገጫ ብቻ ሊታለፍ አይገባውም። የሴቶቹ መኝታ በተለየ ክፍል ሆኖ ሴት መምህራን አብረው ማደር አለባቸው፤ የፈለገች እናትም አብራ እንድታድር ሊፈቀድላት ይገባል። ልጅን ብቻውን ከአንድ አዋቂ ጋር የሚያቆይ አሠራር በጽሑፍ መከልከል አለበት። የምግቡ ነገር በወሎ ቀላል መፍትሔ አለው። ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች በአንድ ድስት እንዲበሉ ሥጋው ይቅርና ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ይሠራ፤ ጿሚውም የማይጾመውም፣ ይህም ያም ይበላዋል፣ የሁለት ማእድ ጣጣም አይኖርም። የሶላትና የጸሎት ሰዓት በመርሐ ግብሩ ላይ ከመነሻው ይግባ።

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሳንካበርና ግጭ ላይ ድንኳን ተክሎ ሲያድር የኖረው በአብዛኛው የውጭ አገር እንግዳ ነው፤ የአገሬው ልጅ በቅሎ ነጂ ወይም ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ አጠገቡ ቆይቷል። በሐይቅ ዳርቻም ነገ ሰላም ሲሰፍን ባለሀብት መጥቶ ለቱሪስት የሚሆን ማረፊያ ማጠሩ አይቀርም፤ ኢንቨስትመንቱን አልጠላም፣ ነገር ግን ዳርቻው ተሸንሽኖ ከማለቁ በፊት ለተማሪዎች የሚሆን አንድ ቦታ በካርታ ተለይቶ፣ በሕዝብ ይዞታነት ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። ይህ የተሁለደሬ ወረዳና የደቡብ ወሎ ዞን ሥራ ነው። የሁለቱ ከተሞች ትምህርት መምሪያዎች በበኩላቸው በመጪው የጥር ዕረፍት በየከተማው አንድ ፈቃደኛ ትምህርት ቤት መርጠው፣ ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱና ከቀይ መስቀል ቅርንጫፉ ጋር ተፈራርመው፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለአንድ ሌሊት ማሳደር ይችላሉ። ወጪው ከወላጅ ኪስ ብቻ እንዳይሆንና የድሃ ልጅ እንዳይቀር ዕድሮች ድንኳንና ብርድ ልብስ ያውሱ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ዱቄትና ዘይት ያዋጡ። በማግስቱም መምህራኑ ልጆቹንና ወላጆቹን ሰብስበው የተበላሸውንና የተሳካውን በጽሑፍ ይያዙ፤ ሁለተኛው ዙር የሚዘጋጀው በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ነው።