ተቃዋሚዎቹ መሃይም አልነበሩም

ስለ ህንዳዊው የሃይማኖትና የማኅበራዊ ለውጥ አራማጅ ራም ሞሃን ሮይ ያነበብኩት ጽሑፍ፣ በህንድ ቤንጋል እሱን የተቃወሙት ያልተማሩ ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ማስመሰሉ አልተዋጠልኝም። ግንባር ቀደሙ ራዳካንታ ዴብ እኮ የካልካታ ትልቅ ሊቅ ነበር። ሴቶች ልጆች እንዲማሩም ደግፏል! ሆኖም ራም ሞሃን እንዲቀር የታገለለት ልማድ፣ መበለትን ከባሏ አስከሬን ጋር ማቃጠል፣ ሳቲ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1829 በእንግሊዝ አገዛዝ ሲታገድ፣ በ1830 ዳርማ ሳባ የተባለውን ማኅበር ይዞ ተነሳ። እገዳው ይነሳ ያሉበት አቤቱታ ለንደን ደርሶ በ1832 ውድቅ ሆነ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የራም ሞሃንና የገዛ እናቱ ነገር ነው። ለምስል አልሰግድም በማለቱ ተቃቃሩ። ሂንዱ ኮሌጅ የተባለው የካልካታ ትምህርት ቤት በ1817 ሊከፈት ሲልም፣ «እሱ ካለበት እኛ የለንም» ያሉ ባለጸጎች ስለነበሩ ራሱን አገለለ። ትምህርት ቤቱ እንዳይቀር ብሎ ነው። ይሄ በጽሑፉ ውስጥ እንዴት አንድ መስመር ያጣል?