እግሩ ያው፣ ዕድሜው ሌላ

ዛሬ የመኪናዬን ሮድ ታክስ፣ በየዓመቱ ለመኪና የሚከፈለውን ግብር፣ ከፈልኩ። ሙሉውን፣ ከ190 ፓውንድ በላይ። ይህን የምጽፈው ገንዘቡ በዝቶብኝ አይደለም። ነገሩ ስላንገበገበኝ ነው።

እዚህ እንግሊዝ አገር አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው ወይም እሱን የሚያመላልስ ሰው ከሮድ ታክስ ነፃ ሊሆን እንደሚችል ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ብሉ ባጅ የሚባለው የፓርኪንግ ፈቃድም አለ። አብዛኛው ሰው ሁለቱ አንድ ነገር ይመስሉታል። እኔም ይመስለኝ ነበር። የእማዬ ባጅ የመጣ ቀን "ከእንግዲህ ታክስ ቀረልን" ብዬ እልል ብያለሁ። አልቀረም። ባጁን የሚሰጠው ካውንስሉ፣ የአካባቢው አስተዳደር ነው። የታክሱ ጉዳይ ግን የመኪናና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ የዲቪኤልኤ ነው፤ እዚያ የሚታየው ደግሞ ባጁ ሳይሆን የምታገኙት የቤኔፊት፣ ማለትም የመንግሥት ድጎማ፣ ዓይነት ነው። ስለዚህ ባጅ እያላችሁ ታክስ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። እኛ እንደዚያ ነን።

እማዬን ስትሮክ የመታት በ69 ዓመቷ ነው። ቀኝ እጇ እስከ ዛሬ አይታዘዝላትም። ቀኝ እግሯን እየጎተተች ነው የምትሄደው። ከቤታችን በር እስከ መንገዱ ዳር ለእኔ አሥራ አምስት እርምጃ ነው። እሷ ሁለት ጊዜ ቆማ ትንፋሽ ትወስዳለች፤ መጀመሪያ የጎረቤታችንን አጥር ተደግፋ፣ ቀጥሎ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ተደግፋ። መኪናው መንገድ ማዶ ከቆመ የዚያን ቀን ቀጠሮ ሊያልፈን ይችላል።

ቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ። እሳቸውንም ስትሮክ መቷቸዋል። እሳቸውም በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። እሳቸው የታመሙት ግን በ61 ዓመታቸው ነው። ፒፕ የሚባለውን ለአካል ጉዳተኞችና ለሕመምተኞች የሚከፈል ድጎማ አመለከቱ፤ ለመንቀሳቀስ የሚሰጠውን ከፍተኛውን ክፍያ አገኙ። እሳቸውን የሚያመላልሰው የልጃቸው መኪና ታክስ አይከፈልበትም። እሰየው፣ ይገባቸዋል። አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም።

እማዬ ግን ፒፕ ማመልከት አትችልም። ፒፕ በአዲስ ማመልከት የሚቻልበት ዕድሜ ከ16 ዓመት ጀምሮ የመንግሥት ጡረታ መውጫው እስኪደርስ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የታመመ ሰው የሚያመለክተው አቴንዳንስ አላዋንስ ነው። አቴንዳንስ አላዋንስ ደግሞ የሚንከባከባችሁ ሰው ስለሚያስፈልጋችሁ እንጂ ለመንቀሳቀስ ብሎ የሚሰጠው ነገር የለም። የመንቀሳቀሻው ክፍያ ከሌለ ደግሞ የሮድ ታክሱ ነፃነት የለም። ከጡረታ ዕድሜ በፊት ፒፕ የጀመረ ሰው ግን መስፈርቱን እስካሟላ ድረስ ጡረታ ከወጣም በኋላ ይቀጥልለታል። ጋሼ 80 ዓመት ቢሞላቸውም ሊያገኙ ይችላሉ። እማዬ እግሯ ከእሳቸው ቢብስ እንኳ አታገኝም።

እስቲ ይህን አስረዱኝ። በ61 ዓመቱ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት በመኪና ይሄዳል፤ በ69 ዓመቱ የታመመው በእግሩ ይሄዳል? ስልክ ደውዬ ጠይቄያለሁ። ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች፣ አልዋሽም። "ሕጉ እንዲህ ነው" አለችኝ። ሕጉ እንዲህ መሆኑንማ አወቅኩ። ለምን እንዲህ እንደሆነ ነበር የጠየቅኳት።

ለእማዬ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና "እና ቀደም ብዬ ብታመም ይሻለኝ ነበር?" አለችኝ። የምመልስላት ጠፋኝ።

ባጁም ቢሆን በቀላሉ አልመጣም። ፒፕ የሚመዘነው በነጥብ ነው፤ ፒፕ ያለው ሰው በመራመዱ በኩል 8 ነጥብና ከዚያ በላይ ካገኘ ባጁ ይገባዋል፣ ያንን ደብዳቤ ማሳየት ነው። ፒፕ የሌለው ሰው ግን ፎርሙን ሞልቶ መራመድ እንደሚቸግረው ለካውንስሉ ማስረዳት አለበት። ብዙ ጊዜም ባለሙያ ፊት ቀርቦ እየተራመደ ይታያል። እኛም ተጠራን። እማዬ ማለዳ ተነስታ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለሠርግ እንደምትሄድ ሆና ወጣች። ባለሙያዋ "እንዴት ነሽ?" አለቻት። እማዬም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" አለች። "መራመድ ያስቸግርሻል?" ተባለች። "ተመስገን፣ ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ" አለች። "ያምሻል?" "እሱ ያውቃል፣ እንዳመጣው።" እኔ ጎኗ ተቀምጬ እያስተረጎምኩ ላቤ ይወርዳል። ያላለችውን አልጨምር ነገር፣ ውሸት ይሆናል። ያለችውን እንዳለ ብናገር ደግሞ ደህና ነች ተብሎ መጻፉ ነው።

ተጻፈም። ከሳምንታት በኋላ "አያሟላም" የሚል ደብዳቤ መጣ።

የእኛ እናቶች ሲጠየቁ የሚመልሱት ይህን ነው። ሰው ፊት ሕመምን መዘርዘር ነውር ነው። አምላክን ማማረር ይመስላቸዋል። "ተመስገን" ማለት ድኛለሁ ማለት እንዳልሆነ ግን ፎርሙ አያውቅም፣ ፎርሙን የያዘችውም አታውቅም። ማንም ሊያስረዳት ካልተዘጋጀ አይፈረድባትም። ስንት እናት በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ባጅ ተከልክላ ቤት ተቀምጣለች?

እንደገና እንዲታይልን ጻፍኩ። በዚህ ጊዜ ከሐኪሟ ደብዳቤ አያያዝኩ። የአንድ ሳምንት ውሎዋን በወረቀት አሰፈርኩ፤ የት እንደቆመች፣ ስንት ጊዜ እንዳረፈች፣ መቼ እንደወደቀች። እማዬን ደግሞ ቤት አስቀምጬ ለመንኳት። "እማዬ፣ ለእግዚአብሔር የምትነግሪውን ለሴትየዋ ንገሪያት" አልኳት። ስቃ "እሺ" አለችኝ። በሁለተኛው ተፈቀደልን። የካርዱ ዋጋ እንግሊዝ ውስጥ ቢበዛ 10 ፓውንድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለ3 ዓመት ያገለግላል።

ባጁ እጃችሁ ከገባም በኋላ ብዙ ነገር አለ፣ ማንም ቁጭ አድርጎ አይነግራችሁም። እኔ በመጀመሪያው ወር ቲኬት ተቆርጦብኛል። ለምን? እማዬ ፎቶዋ እንዲታይ ብላ ካርዱን ገልብጣ አስቀምጣዋለች። ፎቶው ያለው በጀርባው ነው። በመስታወቱ መታየት ያለበት ግን ሌላኛው ወገን ነው፣ የሚያበቃበት ቀን ያለበት። ካርዱን ሰርቃ ያስቀመጠችው ይመስል ተቀጣን።

ሰዓቱስ? ከባጁ ጋር ከካርቶን የተሠራ ሰማያዊ ሰዓት ይሰጣችኋል። መኪና ማቆም በሚከለክለው ቢጫ መስመር ላይ ስትቆሙ የደረሳችሁበትን ሰዓት አዙራችሁ ከባጁ ጎን ታስቀምጣላችሁ። ጭነት ማውረድ የተከለከለበት ቦታ ካልሆነ ቢበዛ ለ3 ሰዓት መቆም ይቻላል። 3 ሰዓት! የእኛን ቅዳሴ የሚያውቅ ሰው ይፍረድ። አካል ጉዳተኞች የሚቆሙበት ቦታ ከተያዘ የሚተርፈን ድርብ ቢጫው መስመር ነው። ስለዚህ እኔ እሁድ እሁድ ቅዳሴ አቋርጬ እወጣለሁ። መኪናውን ወደ ሌላ መንገድ እወስዳለሁ፣ ምክንያቱም እዚያው መንገድ ላይ ለመመለስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማለፍ አለበት። እማዬ ቀና ብላ ስወጣ ታየኛለች። "በእኔ ምክንያት ቅዳሴ ይቋረጥብሽ" እያለች ሳምንቱን ሙሉ ትጨነቃለች።

ማዕከላዊ ለንደን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሲቲ ኦፍ ለንደን፣ ዌስትሚንስተር፣ ኬንሲንግተንና ቼልሲ፣ እንዲሁም የካምደን ከፊሉ የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ያ ቢጫ መስመር ላይ የመቆም መብት እዚያ አይሠራም። ሱፐርማርኬት ግቢ ውስጥም የሚገዛው የቦታው ባለቤት ደንብ ነው። ሰሌዳውን ሳታነቡ ከመኪና አትውረዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ለዘመዶቼ። እባካችሁ ባጁን "ለአንድ ሰዓት አውሽኝ" አትበሉኝ። ባጁ የእማዬ እንጂ የመኪናው አይደለም። ሌላ ሰው መኪና ውስጥ ብትገባም አብሯት ይሄዳል። እሷ በሌለችበት እኔም ልጠቀምበት አልችልም። ያላግባብ የተጠቀመ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። እምቢ ስላችሁ "ይቺማ ፈረንጅ ሆነች" የምትሉኝ፣ ያ ካርድ ከተነጠቀ እማዬ ቤት ውስጥ መቅረቷ ነው።

ወላጆቻችሁ ገና ጡረታ ዕድሜ ላልደረሱ ደግሞ ይህን አደራ እላለሁ። ሕመም ካለባቸው ነገ ዛሬ ሳትሉ ፒፕ አመልክቱ። ከ20 ሜትር በላይ መሄድ ለማይችል ሰው 12 ነጥብ ነው፣ ሙሉ የታክስ ነፃነት ያስገኛል። ከ20 ሜትር በላይ ሄዶ 50 ሜትር ለማያልፍ ሰው በራሱ ከሄደ 8፣ በምርኩዝ ከሄደ 10 ነጥብ ነው፤ በዚያ ብቻ ከሆነ የታክሱ ቅናሽ ግማሽ ነው። ሲጠየቁ "ተመስገን" ብለው እንዳያልፉት አብራችሁ ተቀመጡ። ነፃነቱ በራሱ አይመጣም፣ ለዚያ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠይቁ ሎግ ቡኩን፣ ማለትም የመኪናውን መመዝገቢያ ሰነድ፣ እንዲሁም የቤኔፊቱን ደብዳቤ ኦርጅናሉን ይዛችሁ ፖስታ ቤት መሄድ አለባችሁ። መኪናው በእናንተ ስም ከሆነ ለአካል ጉዳተኛው ወላጃችሁ ጉዳይ ብቻ ነው የሚነዳው። ሂሳቡ ዜሮ ቢሆንም በየዓመቱ ታድሱታላችሁ። የማውቃቸው አንድ ሰው "ነፃ ነው" ብለው ትተውት መኪናቸው ጎማው ታስሮ ጠበቃቸው።

እኔ ዛሬ ከከፈልኩ በኋላ ቁጭ ብዬ ለአካባቢያችን የፓርላማ ተወካይ ደብዳቤ ጻፍኩ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጡረታ በኋላ የታመመ ሰው ለምን የመንቀሳቀሻ ድጋፍ ተከለከለ? ለእማዬ በአማርኛ እያነበብኩ ነገርኳት። "ስድብ የለበትም አይደል?" አለችኝ። የለበትም አልኳት። እስክሪብቶውን ተቀብላኝ በግራ እጇ፣ ቀስ እያለች፣ ስሟን ሙሉውን ጻፈችበት።